አራተኛው ጎማ ትርፍ ነው

ስለ ፈጣን መኪና በዓለም ላይ ብዙ ተጽፏል። የፌራሪን ቅላት፣ የፖርሼን ድምፅ፣ የጃፓኖቹን ቱርቦ የሚያወድሱ መጻሕፍት መደርደሪያ ሞልተዋል። ከጸሐፊዎቹ መካከል ግን በገበያ ቀን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያዋ ሸዋ ቤንች ላይ፣ ከኋላ ወንበር አራተኛ ሰው ሆኖ ባጃጅ የተሳፈረ ስለመኖሩ በጽሑፋቸው ውስጥ ምልክት አይታይም። ይህን በክፋት አልተረጉመውም፤ ሰው ያላየውን አይጽፍም። ዝምታው እያደር ሥር እንዳይሰድ ግን የሚከተለውን ማስረዳት ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባጃጅ የስፖርት መኪና ናት። ትመስላለች አላልኩም፤ ናት። ያውም ኪሱ የሳሳ ሰው ሊደርስባት የሚችል የመጨረሻዋ የስፖርት መኪና።

ይህን የምለው ሌላ መኪና ሳላውቅ አይደለም። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤክስ ነድቻለሁ። ዲኤክስ ለማያውቃት ትውልድ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በየመንገዱ የነበረችው፣ ማዕዘኗ በማስመሪያ የተሠመረ የምትመስለው ኮሮላ ናት። ጉልበቷን ለኋላ ጎማ ትሰጣለች፤ የአፍላ ዕድሜ ልጅ ከመኪና የሚፈልገው ሌላ ነገር የለም። ሰፊ ቸርኬ አስገባሁላት፣ ሞላዋን አስቆረጥኩ፣ ማርሚታዋን አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን እኔ መምጣቴን ለማወቅ ሰዓት ማየት አያስፈልግም ነበር። ቀጥሎ ቪትዝ ገዛሁና ከኋላዋ ክንፍ አስለጠፍኩ። ክንፍ መኪናን ወደ መሬት ይጫናል ይባላል። የኔዋን ወደ መሬት የጫናት ግን ሥራ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባመጣኝ ዓመት፣ ክረምት በበላው ፒስታ ላይ የገጠማት ጭቃ ነው። ሆዷን አሳርፋ የፊት ጎማዎቿ ጭቃ ሲፈጩ ከመንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት ባጃጅ ሁለት ኬሻ ቡናና ቁጥሩን ያልደረስኩበት ሕዝብ ይዛ በጎኔ አለፈች። ሾፌሩ ክላክስ አደረገልኝ፤ በትሕትና። ቪትዟን ሸጥኩ። የዛሬ ሐሳቤ ከዚያ ይጀምራል።

ተቃዋሚዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሡት የጎማውን ቁጥር ነው። ሦስት ጎማ ያላት ነገር እንዴት መኪና ትባላለች ይላሉ። መልሱ ከጥንት ተጽፎ ተቀምጧል። ካርል ቤንዝ በጥር 1886 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን መኪና የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ያቀረባት መኪና ባለ ሦስት ጎማ ነበረች፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሞተሯም ከኋላ። ይህ አቀማመጥ ዛሬ ሚዛን ከተማ መናኸሪያ ደጃፍ ተሰልፎ የሚታየው ራሱ ነው። እንግዲህ የቀደመችውን ሥርዓት ይዞ የቆየው ማነው? አራተኛው ጎማ ኋላ የገባ ትምህርት ነው። ብዙ ተከታይ ስላገኘ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙ ተከታይ ያገኘ ኑፋቄ ከዚህ በፊትም ታይቷል።

ሥርዓቱ በጎማ ቁጥር ብቻ አያበቃም። በነሐሴ 1888 እ.ኤ.አ. የካርል ሚስት ቤርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግረው፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ወደ ፎርዝሃይም ነዳች፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዓለም የመጀመሪያው ረጅም የመኪና ጉዞ ይህ ነው ተብሎ ይዘከራል። ዝርዝሩን ልብ ብሎ ላጠና ሰው ግን ከሸዋ ቤንች ሚዛን ከሚደረገው ጉዞ የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎህ ከምትባል ከተማ መድኃኒት ቤት ገብታ ገዛች፤ እኛ ከሱቅ በሃይላንድ እንገዛለን። የነዳጅ ቱቦው ሲደፈንባት በኮፍያዋ መርፌ ከፈተችው፤ የኛ ሾፌር ሽቦ አለው። ፍሬኑ ሲበላ ጫማ ሰሪ ቆዳ እንዲለብጥበት አደረገች፤ የኛም ሊስትሮዎች ከዚህ የከበደ ሥራ ሠርተዋል። ዳገት ሲመጣ ልጆቹ ወርደው ገፉ። ስለ ገፉ ከሒሳባቸው ላይ የተቀነሰላቸው ነገር ስለመኖሩ ታሪክ ዝም ይላል። በኛ አገር አይቀነስም።

የባጃጅን የዘር ሐረግ የሚንቅም አለ። እሱም ይስማ። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል ጣልያናዊ መሐንዲስ ዋና ሙያው ሄሊኮፕተር መንደፍ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አውሮፕላን ይሠራ የነበረው የፒያጆ ፋብሪካ በቦምብ ፈርሶ፣ አገሬውም መኪና የሚገዛበት ገንዘብ ባጣበት ዘመን፣ ይኸው ሰው ቬስፓን ነደፈ፤ 1946 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አፔ የምትባለው ባለ ሦስት ጎማ ከቬስፓ አጥንት ላይ ተሠርታ ወጣች። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት ጎማዋን ማምረት ያዘ። ባጃጃችን እንግዲህ በትውልዷ ጣልያን፣ በአስተዳደጓ ሕንድ፣ በኑሮዋ ቤንች ናት። ፌራሪም የጣልያን ልጅ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ሀብት ብቻ ነው፤ በዘመዳሞች መካከል ደግሞ ይህ ያለ ነገር ነው። አንዳንድ ሾፌሮቻችን ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ማርሽ አውጥተው ሲለቋት፣ የአያቷ የመጀመሪያ ሙያ ሄሊኮፕተር እንደ ነበር ከማንም ሳይነገራቸው ያወቁ ይመስላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ ልግባ። በ1992 እ.ኤ.አ. እንግሊዞቹ ማክላረን ኤፍ 1 የተባለ መኪና አሳዩ። የነደፈው ጎርደን ማሪ ነው። በጠቅላላው 106 ብቻ ተሠሩ። በ1998 አንዱ በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጦ ዓለምን ጉድ አሰኘ፤ በ2021 ደግሞ ሌላው በጨረታ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። የመኪና ሊቃውንት በዚህ መኪና ፊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ከሁሉ በላይ የሚደነቁበት ምስጢርም አንድ ነው፤ ሾፌሩ ከመሃል ይቀመጣል፣ ተሳፋሪዎቹ በግራና በቀኝ ከኋላው ይሆናሉ። ወገኖቼ፣ ይህ ባጃጅ ነው። ማሪ ይህን ያህል ተጨንቆ የደረሰበትን ቦታ የሸዋ ቤንች ልጅ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ማግስት ይቀመጥበታል። ልዩነት ቢኖር፣ ማክላረን ሁለት ተሳፋሪ ብቻ መጫኑ ነው። ሁለት ሰው ይዞ የሚነሣ ባጃጅ እኛ ዘንድ የለም፤ ካለም ኮንትራት ነው።

ክብደትን እንይ። የስፖርት መኪና ጠበብት ሁሉ ዕድሜያቸውን የሚፈጁት ከመኪናቸው ላይ ኪሎ ለመቀነስ ነው። ማክላረኑ በካርቦን ፋይበር ተሠርቶ፣ ስንት ገንዘብ ፈሶበት 1,138 ኪሎ ላይ ቆመ። ባጃጅ ከ400 ኪሎ በታች ናት። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ በር የላትም። በር ከሌለ የበር መስታወት የለም፣ የመስታወት ማውረጃ የለም፣ ቁልፍ ረስቶ ውስጥ መቆለፍም የለም። ዝናብ ሲመጣ ፕላስቲኩ ይወርዳል። ዝናቡ ከፕላስቲኩ ቀድሞ ከደረሰ ደግሞ ተሳፋሪው ራሱ የሰውነቱን ሥራ ይሠራል።

ስለ ወርቅም ይነሣልኛል። የማክላረኑ የሞተር ክፍል ሙቀት እንዳይወጣ በወርቅ ቅጠል ተለብጧል፤ ወሬ አይደለም፣ እውነት ነው። የባጃጅ ወርቅ ያለው ሾፌሩ ግንባር ላይ ነው፤ ከፊት መስታወቱ ጫፍ የሚንዠረገገው ወርቃማ ዘርፍ፣ ከአርሰናል ወይም ከማንቸስተር ተለጣፊ ጋር። ሙቀት አይከለክልም፤ የሰው ዓይን ግን ይከለክላል። ከሁለቱ የትኛው መኪና የበለጠ ለሰው ዓይን እንደሚጋለጥ የገበያ ቀን ያየ ያውቀዋል።

ሞተር ላይ ስንደርስ ተቃዋሚዬ ፈገግ ማለት ይጀምራል፤ ይፈግግ። ማክላረኑ አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ 6.1 ሊትር፣ 627 የፈረስ ጉልበት አለው። ባጃጅ አንድ ሲሊንደር፣ 200 ሲሲ ያህል፣ 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። ከዚህ ቁጥር ብዙዎች የሚያወጡት መደምደሚያ የችኮላ ነው። አሥራ ሁለት ሲሊንደር ማለት አሥራ ሁለት ካንዴላ ማለት ነው። አንድ ካንዴላ ሲቃጠልበት ሚዛን ገበያ ወርዶ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ዋጋ ተከራክሮ የገዛ ሰው፣ አሥራ ሁለት የሚፈልግ መኪና ከመመኘቱ በፊት ራሱን ይመረምራል። ስለ ፈረሶቹም ቢሆን አሥር ፈረስ ጥቂት ነው የሚል ሰው አሥር ፈረስ አብልቶ አያውቅም።

386 ኪሎ ሜትሩስ? ባጃጅ 70 አካባቢ ስትደርስ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ይህን አልክድም። ነገር ግን ማክላረኑ 386 የሮጠው የት ነው? ጀርመን ውስጥ፣ ኤራ ሌሲየን በሚባል የሙከራ መንገድ ላይ፣ ኪሎ ሜትሮች ሙሉ እንደ ክር ቀጥ ባለ አስፋልት። ያንን መኪና በሐምሌ አምጥተን የቡና እርሻው ወዳለበት ወደ በበቃ በሚወስደው መንገድ ላይ እንልቀቀው። ደቡብ ምዕራብ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ከዓመቱ ወራት ዝናብ የማይጎበኛቸው ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ላይ የማክላረኑ ጉዞ በሰላም ይጠናቀቃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባጃጅ ፈጣኗ መኪና ናት። ይህ አስተያየት ሳይሆን ሒሳብ ነው፤ ማንኛውም ቁጥር ከዜሮ ይበልጣል።

ፈረንጆች መኪና የሚፈትኑበት ሌላ ልማድ አላቸው፤ ከዜሮ እስከ መቶ በስንት ሰከንድ ትደርሳለች ብለው ይጠይቃሉ። ባጃጅ ይህን ፈተና ወድቃ አታውቅም። ጀምራዋለች፤ ገና አልጨረሰችም። ለአካባቢያችን የሚስማማው መለኪያ ግን ሌላ ነው፤ ከዜሮ እስከ ሙሉ። ተራ አስከባሪው ስም ሲጠራ፣ ሾፌሩ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል፣ ያ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተገኝቶ አሁንም አንድ ሰው ሲጎድል፣ ጠቅላላው ሥራ የሚፈጀው ጊዜ ነው የማሽኑን ብቃት የሚያሳየው። ሕጉ ሦስት ተሳፋሪ ይላል። ሕግ አክባሪ በመሆናችን ሦስቱን ከኋላ እናስቀምጣለን። ከዚያ በላይ ያለው ሕጉ ያላነሣው ክፍል ነው። አንዱ በሾፌሩ ግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ እያንዳንዱ በግማሽ መቀመጫው ይሰየማል፤ የቀረው ግማሽ ለንፋሱ አመራር ይጠቅማል። መኪናን በንፋስ ዋሻ መፈተሽ ለአውሮፓ ፋብሪካዎች ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። እኛ ግማሽ ሰው ብቻ ነው ያወጣነው።

ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆም የሚደረገው ውይይትም የፍጥነቱ አካል ነው።

«ስንት ጭነሃል?»

«ሦስት ነው፣ አለቃ።»

«እነዚህስ?»

«እሳቸው እናቴ ናቸው። ልጁ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ደግሞ ሊወርድ ነው።»

ሊወርድ ነው የተባለው ሰውዬ ይወርዳል። ሃምሳ ሜትር በእግሩ ሄዶ ከመታጠፊያው ማዶ ይጠብቃል። በፎርሙላ ዋን ውድድር መካከል መኪናው ጎማ ለመቀየር ሲቆም ሰከንድ እየተቆጠረ ያጨበጨበ ሁሉ፣ ይህን መቀባበል ቢያይ ኮፍያውን ያወልቅ ነበር።

ጎማን ካነሣን አይቀር፣ ባጃጅ ጎማ ለመቀየር ክሪክ አያስፈልጋትም። ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ሁለት ጎልማሳ ይይዛታል፣ ወደ ጎኗ ትጋደማለች፣ ጎሚስታው ሥራውን ይሠራል፣ ትነሣለች። አራት ጎማ ያላት መኪና ስትጋደም አደጋ ይባላል። የኛዋ ስትጋደም ጥገና ናት።

መታጠፊያን በተመለከተ ብዙ ስም ማጥፋት ተካሂዷል። ባጃጅ ስትታጠፍ አንድ ጎማ ታነሣለች ይባላል። ታነሣለች። ከዚህ ግን ሌላ እውነት ይከተላል። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ የሚካሄድ የሳይድካር ውድድር አለ፤ ጎን ጋሪ የተገጠመለት ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ነው የሚወዳደረው። በዚህ ስፖርት ተሳፋሪው ዕቃ ሳይሆን ስፖርተኛ ነው፤ መታጠፊያ ሲመጣ ሰውነቱን ወደ ውጭ ዘርግቶ ማሽኑ እንዳይገለበጥ ሚዛን ይጠብቃል። ለዚህ ሰው ቆዳ ልብስና ራስ ቁር ያለብሱታል፣ ሲያሸንፍ ሜዳሊያ ያጠልቁለታል። አሁን ደግሞ ከሸዋ ቤንች ገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት እናስብ። በአንድ እጃቸው እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ በሌላው የኮረሪማ ዘንቢል ይዘዋል። ሾፌሩ መታጠፊያው ሲቃረብ ዞር ሳይል፣ «እናቴ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ይበሉ» ይላል። እናት ይጠጋሉ። ከጎናቸው ያለው መምህርም ይጠጋል፣ ጀንፈል የያዘው ገበሬም ይጠጋል፣ ዶሮዋም በአቅሟ ትጠጋለች። የተነሣው ጎማ ወደ መሬት ይመለሳል። ይህን የሚያደርጉት ያለ ራስ ቁር፣ ያለ ልምምድ፣ ሒሳብ ከፍለው ነው። የዓለም ሻምፒዮናው እኚህን እናት እስከ ዛሬ አለማወቁ የማን ጉድለት ነው?

ነዳጅን በተመለከተ ከቤርታ ጋር መዛመዳችንን ጠቅሻለሁ። ማደያው ነዳጅ ሲኖረው ሰልፍ አለ፤ ሰልፍ ከሌለ ነዳጅ የለም። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ከማደያው ይወደዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ቀለሙ የሚያጠራጥር ነው። ሾፌሩ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ያየዋል። ወይን ጠጅ የሚቀምሱ ፈረንሳውያን ጠርሙስ በብርሃን ፊት ይዘው ሲመረምሩ ዕውቀት ነው ይባልላቸዋል፤ የኛ ልጅ ሲያደርገው ግን ድህነት ነው ይባላል። እዚህ ላይ ፍርዴን ለአንባቢ ትቻለሁ።

ለመሆኑ ቤንች ውስጥ ፍጥነት ምን ያደርጋል የሚል ካለ ቡና አያውቅም። የሚታጠብ ቡና ቀዩ እሸት ተለቅሞ በዚያው ቀን መፈልፈያው መድረስ አለበት። ካደረ ይብላላል፣ ጣዕሙ ይሄዳል፣ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ጀንፈል ጊዜ ይሰጣል፤ እሸት አይሰጥም። ጫካ ውስጥ ባለው የገበሬ ጓሮና በመፈልፈያው መካከል ያለውን መንገድ የጭነት መኪና በየቀኑ አይደርስበትም፤ አህያ ይደርስበታል፣ ግን አህያ ሰዓት አይጠብቅም። ስለዚህ ባጃጅ የኋላ ወንበሯን ነቅላ ኬሻ ትጭናለች። የሞናኮ ውድድር ሲያልቅ ሾፌሮቹ ሻምፓኝ ይረጫጫሉ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ቢዘገዩ የሚበላሽ ነገር የለም። የኛ ሾፌር ከኋላው ያለው ጭነት እየተብላላ ነው የሚነዳው። በዓለም ላይ ካሉ የሞተር ስፖርቶች ሁሉ፣ ጭነቱ ራሱ ከሾፌሩ ጋር የሚወዳደርበት ይህ ነው።

ለነገሩ ከዚሁ ከኛ አካባቢ ጫካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተወሰደው የጌሻ ቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ደርሷል፤ እዚያም በ2004 በውድድር አሸንፎ የዓለምን የቡና ገበያ አስደንግጧል። ከጫካችን እስከ ዝናው ሰባ ዓመት ያህል ፈጀበት። በባጃጅ አልተጫነም፤ የዘገየውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ባጃጅ አደገኛ ናት የሚለውን ክስ ሳልመልስ ባልፍ ፈሪ እባላለሁ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ለአደገኛ መኪና ስም ማውጣት ያውቅበታል። ኢሱዙ በሩጫው ዘመን አል ቃይዳ ተብሏል፤ ሲኖትራክ ቀይ ሽብር ተብሏል። ባጃጅ ግን ይህን ያህል ዓመት አገልግላ ሕዝቡ በአንድም የሽብር ድርጅት ስም አልጠራትም። ሕዝብ ዝም ብሎ አይፈርድም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባጃጅን ለጊዜው ከመንገድ ባገደች ጊዜም፣ ከተማዋ የጎደላት ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቀን አልፈጀባትም፤ ኮንዶሚኒየም ለኮንዶሚኒየም በእግሩ የሄደ ሁሉ ምስክር ነው። በብዙ ከተሞች ደግሞ ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ባጃጅ እንዳትንቀሳቀስ ይከለከላል። ማታ እንዳይወጣ ሰዓት የተወሰነለት ሌላ የስፖርት መኪና ካለ ይጠቀስልኝ። አደገኛነቷን የሚያረጋግጥ ሳይሆን ወጣትነቷን የሚያረጋግጥ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ለመንግሥት ያለኝን ምስጋና መግለጽ ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ ነው ተባለ። በነዚህ ሁለት እርምጃዎች መካከል የኔ አሮጌ ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ የምትጠራ ክቡር ንብረት ሆነች፤ የሸጥኳት ግን ቀደም ብዬ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናውን አልቃወምም። መብራት ባለባቸው ቀናት በጣም ጥሩ መኪና እንደሆነ ሰምቻለሁ። ለጊዜው ግን ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የወጣ ወጣት፣ ዲግሪውን በፕላስቲክ አስለብጦ፣ ቤተሰብ ተዋጥቶለት ወይም በማኅበር ተደራጅቶ ሊይዛት የሚችላት መኪና አንዲት ናት። ስለዚህም የቤንች ሸኮ የስፖርት መኪና ሾፌሮች በትምህርት ደረጃ ከሞናኮዎቹ ይበልጣሉ። በምሕንድስና የተመረቀ ሾፌር የካንዴላውን ጉዳይ በፎርሙላ ጭምር ያስረዳል፤ ካንዴላው ግን አልተገኘም።

ትንሽ መኪና ክብር የለውም የሚሉትን አንድ ነገር ብቻ ላስታውሳቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ አልነበረም፤ በቮልስዋገን ጥንዚዛ ነው። ሦስት ሺህ ዘመን ይባል የነበረውን መንግሥት ከኋላ ወንበሯ አስቀምጣ የወጣች ትንሽ መኪና ናት። ታላላቅ መኪኖች በዚያን ቀን ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ታሪክ ሲመጣ የሚጠራው ቀድሞ የተነሣውን ነው።

ክልላችንም ይህን ጉዳይ ሊያስብበት ይገባል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ዋና ከተማነቱ ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ ተከፋፈለ። አራት መቀመጫ ያለው ክልል ለጉዳይ የሚመጣን ሰው ሁሉ ያንቀሳቅሳል፤ ማኅተሙ አንድ ከተማ፣ ፊርማው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላልና። ክልሉ በአራት እግር ከቆመ፣ መኪናችን በሦስት ብትቆም ሚዛኑን አያዛባም።

ለዚህ ሁሉ የሚገባው ዕውቅና አልተሰጠም። ፈረንሳይ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የለ ማን 24 ሰዓት ውድድር አላት። ሸዋ ቤንች ምን አላት? ስለዚህ ከሸዋ ቤንች እስከ ሚዛን የሚካሄድ ዓመታዊ የባጃጅ ውድድር እንዲቋቋም አመለክታለሁ። ደንቡን ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ጨሞ እየጠጣን ከአንዳንድ ሾፌሮች ጋር አርቅቀነዋል። በቡና ቅጠሉ ውስጥ የገባው በርበሬና ዝንጅብል ለሕግ ማርቀቅ ጥሩ ነው።

ውድድሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ይታወጃል፤ ባጃጅ የምትነሣው ግን ስትሞላ ነው። ሰው በመንገድ ላይ መውረድ ይችላል፤ የወረደው ሰው ቦታ ግን በሁለት መታጠፊያ ውስጥ መተካት አለበት፣ ባዶ መቀመጫ ይዞ መድረስ ስፖርቱን ማዋረድ ነውና። ዳገት ላይ የሚገፉ ተሳፋሪዎች ከውጤቱ ድርሻ አላቸው፤ ከሒሳቡ የላቸውም። ዝናብ ቢዘንብ ውድድሩ አይቋረጥም፤ ካልዘነበ ዳኞች ተሰብስበው ምክንያቱን ያጣራሉ። ከብት መንገድ ቢዘጋ ቅድሚያ የከብቱ ነው። ለቅሶ የገጠመው ተወዳዳሪ ይቆማል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ የቆመበት ጊዜ አይታሰብበትም፤ ሟቹን የሚያውቅ ከሆነ ግን እስከ ቀብሩ መቆየት ይኖርበታል፣ የዚያ ዓመት ውድድርም አለፈው ማለት ነው። ከኋላ የሚለጠፍ ጥቅስ ከአንድ መስመር አይበልጥ፣ የሚቀድመው ሰው አንብቦ መጨረስ አለበትና።

አሸናፊን በተመለከተ ብዙ ክርክር ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ሚዛን መናኸሪያ መድረስ ብቻውን አያሸልምም። ደርሶ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ለተሳፋሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው መልሳቸውን ቆጥሮ የሰጠ የመጀመሪያው ሾፌር ያሸንፋል። «ዝርዝር የለኝም» ያለ፣ «ከሱ ጋር ተካፈሉ» ብሎ አንድ መቶ ብር ለሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች የሰጠ፣ ወይም ሱቅ ልዘርዝር ብሎ ሄዶ የቀረ ውጤቱ ይሰረዛል። ይህ አንቀጽ ሲነበብ ሾፌሮቹ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ አንደኛው ብቻ ውድድሩ ከባድ ነው አለ። ዋንጫ ለማሠራት አልቸኮልንም።